ስልኩ መቼ ነው የጮኸው?

አምና ሐምሌ ነው። ደብረ ብርሃን በሐምሌ ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ዝናቡ ሲያባራ ጉም፣ ጉሙ ሲነሳ ብርድ። ከሰሉ ተያይዟል። የገብስ ቆሎ በሰፌድ ቀርቧል። አጎቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሶፋው ጥግ ኩርምት ብለዋል። የእህቴ ልጅ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካና ስለ እንግሊዙ ሮክ ባንድ ስለ ኩዊን የተሠራውን ፊልም፣ «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን ከፈተልን።

እኔ ከዚያ በፊት ሁለቴ አይቼዋለሁ። አጎቴ ግን ኩዊን የሚባል ባንድ መኖሩንም አያውቁም። ግማሹን ፊልም እንቅልፍና ቆሎ እየተፈራረቁባቸው ነው ያዩት። አንዴ ብቻ ቀና ብለው «ይሄ ጢማሙ ልጅ የየት አገር ሰው ነው?» አሉ። የባንዱ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ እንደሆነ፣ ዛንዚባር እንደተወለደ ነገርኳቸው። «አሃ፣ የባሕር ሰው» ብለው ተመልሰው ተኮራመቱ።

መጨረሻው ላይ የሎንዶኑ ዌምብሌይ ስታዲየም መጣ። ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ሽቅብ አንስቶ ሲያጨበጭብ አጎቴ ነቁ።

«ምንድነው በዓሉ?»

«ለኛ ነው ጋሼ። ለሰባ ሰባቱ ርሃብ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ነው።»

ጋቢው ከትከሻቸው ወረደ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ፊልሙ ላይ የዝግጅቱ አስተባባሪ ቦብ ጌልዶፍ ብሩ አልመጣም ብሎ ይበሳጫል። የለጋሾችን ጥሪ የሚቀበሉት ስልኮች ዝም ብለዋል። ፍሬዲ ሜርኩሪ መድረክ ላይ ይወጣል፣ ፒያኖው ላይ ይቀመጣል፣ ይዘፍናል። ስልኮቹ አንድ ባንድ መጮህ ይጀምራሉ። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ይጮሃሉ። አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ሞላ! መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ እዚህ ጋ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፣ አልዋሽም።

ፊልሙ አለቀ። አጎቴ በእጃቸው የያዟትን ቆሎ ሰፌዱ ላይ መለሷት።

«ስልኩ እሱ ሲዘፍን ነው የጮኸው?»

«ፊልሙ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እሺ። እህሉስ የታለ?»

ምን እንደምመልስላቸው ግራ ገባኝ።

አጎቴ በ1977 ዓ.ም. ገና ጎረምሳ ነበሩ። ኤንትሬ ላይ ረዳት። ለማያውቅ፣ ኤንትሬ ማለት ያ አፍንጫ የሌለው የፊያት የጭነት መኪና ነው። ረዳት ደግሞ ዕቃ የሚጭን፣ ጎማ የሚቀይር፣ ሸራ የሚያስር፣ መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ይዞ ዘሎ የሚወርድ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ እህል ይጭናሉ። በደብረ ብርሃን ያልፋሉ። ጣርማበር ላይ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ይገባሉ። ከዋሻው ማዶ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ። «ጣርማበርን ጭነት ይዞ መውረድ ከመውጣቱ ይብሳል» ይላሉ እስከ ዛሬ። ፍሬኑ ሲግል ሽታው ጋቢና ውስጥ ይገባል።

ስለዚያ ዓመት ብዙ አያወሩም። ካወሩም የሚያወሩት ስለ ሸራ ነው። ጣርማበር ላይ ጉሙ ሸራውን ያረጥበዋል፤ ውሃው በስፌቱ ከገባ ስንዴው ይበቅላል። ስለዚህ ሌሊት መውረድ፣ ገመዱን ፈትቶ ማጥበቅ። ጣት በብርድ አልታዘዝ ይላል፣ ቋጠሮው በጥርስ ይፈታል። አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ ነገር ነግረውኛል። ቆላ ወርደው መኪናው ሲቆም ሰዎች ይመጣሉ። አይለምኑም። መኪናው ሥር ገብተው መሬቱን በቅጠል ይጠርጉና አፈሩን በነጠላ ጫፍ ያበጥራሉ። ከቀዳዳ ጆንያ የተንጠባጠበች ስንዴ ካለች ብለው። ርሃቡ ወሎና ትግራይ ብቻ አልነበረም። የኛው ይፋትና ጥሙጋ ቆላም ክፉኛ ተጎድቷል።

ፊልሙ ላይ ያየነው የዌምብሌይ ዝግጅት፣ ሊቭ ኤድ፣ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985 ነው። በኛ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ የሐምሌ ሥላሴ ዋዜማ። ያን ቀን የት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው። «መንገድ ላይ ነዋ» አሉ።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፊልሙ ሐቅ እንዳጣመመ ድሮም አውቃለሁ፤ ግን እስከዚያ ቀን «ፊልም አይደል እንዴ» ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን አንድ ባንድ መቁጠር ጀመርኩ።

ፊልሙ ላይ ኩዊን ተበታትኗል። ፍሬዲ ለብቻው አልበም ልሥራ ብሎ ጓደኞቹን ከድቷል፣ ለዓመታት ተኮራርፈዋል፣ ለሊቭ ኤድ ሲሉ ታርቀዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ባንዱ አልተበተነም። እ.ኤ.አ. በ1984 አዲስ አልበም አውጥተዋል፣ በጥር 1985 ሪዮ ላይ ተጫውተዋል፣ ሊቭ ኤድ ሁለት ወር ሲቀረው ጃፓን መድረክ ላይ ነበሩ። ለብቻ መሥራት ክህደት ከሆነ ደግሞ ፍሬዲ የመጀመሪያው ከሐዲ አይደለም። ድራመሩ ሮጀር ቴይለር በ1981፣ ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ በ1983 የየራሳቸውን ሥራ አውጥተዋል። የፍሬዲ አልበም የወጣው በ1985 ነው።

ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ በሽታው ነው። ፊልሙ ላይ ፍሬዲ ኤችአይቪ በደሙ እንዳለ ያውቃል፤ ከሊቭ ኤድ በፊት፣ በልምምድ ላይ፣ ለጓደኞቹ ይነግራቸዋል። ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። አብሮት የኖረው ሰው በኋላ እንደጻፈው ግን የምርመራው ውጤት የመጣው በ1987 ነው። ዌምብሌይ ላይ ያን ካኔቴራ ለብሶ የሮጠው ሰው ሞቱን አውቆ እየተሰናበተ አልነበረም። ሙያውን የሚያውቅ፣ ከረጅም ጉዞ ድምፁ ተሟሙቆ የተመለሰ፣ የ38 ዓመት ዘፋኝ ነበር። በቃ። የሞተው በኅዳር 1991 ነው፤ መታመሙንም ለሕዝብ ያሳወቀው በሞቱ ዋዜማ ነው። ያን ያህል ዓመት በራሱ ልብ የያዘውን ቀን ፊልም ሠሪ መጥቶ በሁለት ዓመት አስቀደመበት። ለምን? መጨረሻው ላይ እኔ እንዳለቅስ።

ታዲያ ያን ቀን ኩዊን ለምን እንደዚያ በለጡ? እዚህ ጋ ነው የምናደደው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ተለማመዱ። እዚያው ሎንዶን ሾው ቲያትር የሚባል ቦታ ገብተው፣ የተሰጣቸውን 20 ደቂቃ ገደማ ደጋግመው ሠሩት። አንዳንዱ ሙዚቀኛ አዲስ ሥራውን ሊያስተዋውቅ ሲመጣ እነሱ ሰው የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ቆራርጠው አጋጠሙ። ደቂቃ ቆጠሩ። ፊልሙ ግን ለፋ ብሎ ሊነግረን አይፈልግም። ቆሰለ ነው የሚለው። ልምምድ ለፊልም አይመችም መሰለኝ። ሰው አንድ ነገር አሥር ጊዜ ሲደጋግም ማየት ማን ይከፍልበታል?

ሸራ ማጥበቅም እንደዚያው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብራያን ሜይና ሮጀር ቴይለር በፊልሙ ሥራ ውስጥ ነበሩበት። ስለዚህ ፊልሙን እንደገና ስታዩ ማን ማንን ይቅርታ እንደሚጠይቅ አስተውሉ። የሞተው ጥፋተኛ ነው። በሕይወት ያሉት ጨዋዎች፣ ባለትዳሮች፣ በጊዜ ወደ ቤት የሚገቡ ናቸው። ሟች አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያሉት ደግሞ ጥቂት ካስጨነቁት በኋላ ይቅር ይላሉ። እኛ አገር ይህን የመሰለ ጽሑፍ ስም አለው። ዜና መዋዕል ይባላል።

የዚህች ከተማ ስም ራሱ ከዜና መዋዕል ነው የመጣው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉትን የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት ካስወገሩ በኋላ ከሰማይ ብርሃን ታየ ይባላል። ንጉሡ ብርሃኑን እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ተረጎሙትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተሙ፣ ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት። ብርሃኑ በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ይሁን። ብርሃን ታየ፤ ይሄ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ብርሃኑ ምን ማለት እንደሆነ የጻፈው ግን የንጉሡ ሰው ነው። የተወገሩት ወገን ቢጽፈው የከተማችን ስም ምን ይሆን ነበር? (ይህን ጥያቄ አንዴ ጠላ ቤት አንስቼው ነገሩ ወደ ሃይማኖት ክርክር ሄዶብኝ ሒሳቤን ከፍዬ ወጥቻለሁ።)

ወደ ስልኩ ልመለስ።

የዚያን ቀን ስልክ ያስጮኸው ፍሬዲ ነው የሚል ማስረጃ አላገኘሁም። ስለዚያ ቀን ሲወራ ሁሌ የሚነሳ ሌላ ሰዓት ግን አለ። ከኩዊን በኋላ ዴቪድ ቦዊ ወጣ። ቦዊ ከተሰጠው ሰዓት አንድ ዘፈኑን ቀንሶ በምትኩ አንድ ቪዲዮ እንዲታይ አደረገ። የካናዳ ቴሌቪዥን ባለሙያዎች ሰሜን ኢትዮጵያ የቀረጹት ምስል ነው፤ ሥሩ ላይ ዘ ካርስ የሚባል የአሜሪካ ባንድ ዘፈን ገብቶበታል። ዌምብሌይ ላይ 72,000 ሰው ቆሟል። ስክሪኑ ላይ የኛ ሰዎች መጡ። ሕፃናት። እናቶች። ለመነሳት የሚሞክር፣ እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ። ስታዲየሙ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ብር ከዚያ በፊት እንደመጣው እንዳልነበረ ብዙዎች ይመሰክራሉ።

ያ ቪዲዮ ፊልሙ ውስጥ የለም። ኩዊን የተጫወተበትን መድረክ አሮጌ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ እንደገና ሠርተውታል፤ ፒያኖው ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እንኳ አልቀሩም፣ አጃኢብ ነው። እዚያ ትዕይንት ውስጥ ግን አንድም የተራበ ሰው አላስገቡም። ስልኩ የጮኸው በዘፈኑ ሆነ። የአጎቴ «እህሉስ የታለ?» እዚህ ጋ ነው የገባኝ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ስለ 77 ከዚያ ማታ በፊት ጠይቆ አያውቅም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ «አባባ፣ አንተ እዚያ ነበርክ?» ብሎ አጎቴ እግር ሥር ቁጭ አለ። አንድ ሐቀኛ ዘጋቢ ፊልም ባሳየው ኖሮ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ስልኩን ያወጣ ነበር። ይህን ምን እንደማደርገው እስካሁን አላወቅኩም።

ማካበድ ግን አንዳንዴ እንደዚህ የረቀቀ እንኳ አይደለም። ኦሊቨር ስቶን በ1991 ስለ ዘ ዶርስ የሠራውን ፊልም ውሰዱ። በመስከረም 1967 ባንዱ አንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ሊቀርብ ነው። ዘፈኑ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ያስታውሳል ተብሎ የተፈራ አንድ ቃል አለ። ቀይሩት ተባሉ። እሺ አሉ፤ መድረክ ላይ ግን ድምፃዊው ጂም ሞሪሰን ቃሉን እንዳለ ዘፈነው። ሌላ ጊዜ አልተጠሩም። ቀረጻው ዛሬም አለ፣ ማየት ይቻላል። ሰውየው ቃሉን እንደማንኛውም ቃል ብሎት ያልፋል። ፊልሙ ላይ ግን ካሜራው ላይ አፍጥጦ ይጮኽበታል። የቱ ይብሳል ብትሉኝ፣ ዝም ብሎ ያለፈው። አለቃውን እሺ ብሎ ወጥቶ፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀይር የፈለገውን የሚያደርግ ሰው ያስፈራኛል። የሚጮኸውንማ መርካቶም አየዋለሁ።

እንዲህ ስፈርድ ንጹሕ እንዳልመስላችሁ። እኔም ባንድ ነበረኝ።

ባንድ ስል በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ውስጥ አራት ልጆች ሠርግ እንሠራ ነበር ለማለት ነው። አንድ ኦርጋን፣ አንድ ቤዝ ጊታር፣ ከድሮ ኪነት የተረፈ ድራም፣ አንድ ሞንታርቦ። ሮክ የሚባል ነገር አንጫወትም፤ ሮክ በአማርኛ እንደሚቻል ብዙ ሰው የሰማው በኋላ፣ ጃኖ ባንድ ሲመጣ ነው። እኛ ሙሽራ አስገብተን ሙሽራ እናስወጣለን። እኔ ቤዝ ነበርኩ። ቤዝ ማለት ዝቅ ካለ ማንም የማያስተውልህ፣ ከፍ ካለ ሁሉም የሚሰድብህ ሰው ማለት ነው።

ባንዳችን እንዴት እንደፈረሰ ከተማው ውስጥ የሚወራ ታሪክ አለ። ደብረ ሲና ሠርግ ሄድን። ድራመሩና ድምፃዊው ባንዲት ሚዜ ተጣሉ። ድራመሩ በዱላው ግንባሩን ፈነከተው። ስንመለስ ሌሊት ጣርማበር ላይ መኪና አስቁመው ኦርጋኑን ገደል ወረወሩት። ኦርጋኑ እየወደቀ ድምፅ ያሰማ ነበር የሚሉም አሉ፤ ያለ ኤሌክትሪክ!

የሆነው ይሄ ነው። ደብረ ሲና ሠርግ ሄድን። ሙሽሮቹ ገብተው አንድ ሁለት ዘፈን እንዳልን ሞንታርቦው ጭስ ተፋ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ዝም አልን። አንዲት አሮጊት ከበሮ አንስተው ጀመሩ፣ ሰው በጭብጨባ ተቀበላቸው፣ እኛን ማንም አልፈለገንም። ቁጭ ብለን ጥብስ በላን። ቀብዱን መለስን። ማሠሪያ 400 ብር ተባልን፣ አልነበረንም። ሁለት ወር ሳይሞላ ኦርጋን ተጫዋቹ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሄደ፤ ኦርጋኑ የአጎቱ ስለነበር እሱም ሄደ። «ተበተንን» ያለ ሰው የለም። አንድ ቀን ልምምድ ሳንጠራራ ቀረን፣ ከዚያ ሌላ ቀን።

የገደሉን ታሪክ ማን እንደጀመረው አላውቅም። ማን እንዳስፋፋው ግን አውቃለሁ። እኔ። አዲስ አበባ ስሠራ፣ ቢራ ላይ፣ በተለይ ሴቶች ባሉበት፣ «ባንድ ነበረኝ» ስል «ታዲያ ምን ሆነ?» ይመጣል። ሞንታርቦ ተቃጠለ ብል ጨዋታው እዚያው ይሞታል። ስለዚህ ገደሉን አወራለሁ። ኦርጋኑን በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ የማልኩበት ቀን አለ። ከጊዜ በኋላ ሲወድቅ ይታየኝ ጀመር።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ድራመሩን ደወልኩለት። ዛሬ የሒሳብ መምህር ነው። ሐቁን ልጽፍ ነው፣ ስለ ሞንታርቦው፣ አልኩት። ሳቀ።

«ለምን እንደተቃጠለ ልትጽፍ ነው?»

«ጀነሬተሩ ነዋ። ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይል ነበር።»

«ስታቢላይዘሩን ማን ነቀለው?»

«ማን ነቀለው?»

«ድምፁ አነሰብኝ ብለህ ቀጥታ ጀነሬተሩ ላይ የሰካኸው አንተ ነህ። አትርሳ እንጂ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለት ታሪክ ነበረኝ፣ አንዱ ለቢራ አንዱ ለሐቅ። በሁለቱም ውስጥ እኔ ጥግ ቆሜ የማይ ምስኪን ቤዚስት ነኝ። ብራያን ሜይን ብቻ መውቀሴ አሳፈረኝ።

ከዚያ ስልክ በኋላ አንድ የድሮ ፊልም እንደገና አየሁ። «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ» ይባላል፣ የ1984 ነው። ባንዱ ከመነሻው የለም፤ ተዋንያን የፈጠሩት የሐሰት ባንድ ነው፣ ዘጋቢ ፊልም መስሎ ይቀልዳል። መድረክ ላይ 18 ጫማ የሚረዝም የድንጋይ ቅርጽ እንዲሠራ ያዝዛሉ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምልክት ግን የኢንች ነው። ሙዚቃው ይጀምራል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ከላይ በገመድ 18 ኢንች ድንጋይ ይወርዳል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ የሠርጉ ጭስ አፍንጫዬ ላይ መጣ። እውነተኛ ሮከሮች ይህን ፊልም አይተው አልሳቁም፣ የራሳችን ታሪክ ነው አሉ ይባላል። አምናለሁ።

በአማርኛ ተረት ሲጀመር ውል አለ። «ተረት ተረት» ይላል ተራኪው፣ «የላም በረት» ይላል ሰሚው። ከዚያ በኋላ ጅብ ቢያወራ ማንም አይከስም። በ2019 ስለ ኤልተን ጆን የወጣው «ሮኬትማን» እንደዚያ ነው። ማስታወቂያው ላይ ራሱ እውነተኛ ቅዠት ላይ የተመሠረተ ነው ይላል፣ ሰውየው ፒያኖ እየተጫወተ መሬት ይለቃል፣ ሕዝቡም አብሮት ይንሳፈፋል። ደስ ብሎኝ አየሁት። ኤልተን ጆን በርግጥ ተንሳፍፎ ነበር ወይ ብዬ የማጣራው ነገር የለም። «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ግን ተረት ተረት አላለም። በተቃራኒው ካኔቴራውን፣ ጢሙን፣ የመድረኩን ብርጭቆ በልክ ሠርቶ አመኑኝ አለ፤ እኛም አመንነው፣ ፍሬዲን ሆኖ የተጫወተው ራሚ ማሌክም ኦስካር ወሰደ። (ትወናውን አልነካም። ይገባዋል።)

ዘጋቢ ፊልም ነው ከተባለም አትመኑ። «ሰርቺንግ ፎር ሹገር ማን» ኦስካር የተሸለመ ዘጋቢ ፊልም ነው። ሮድሪገዝ የሚባል የዲትሮይት ዘፋኝ አገሩ ማንም ሳያውቀው፣ እሱም ሳያውቅ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዝነኛ ነበር ይላል። እውነት ነው። ግን በ1979ና በ1981 አውስትራሊያ ሄዶ ሕዝብ ፊት መጫወቱን ፊልሙ ዘለለው። ውሸት አልጨመረም። ቀነሰ ብቻ።

ከሁሉም የማከብረው «ጊሚ ሼልተር»ን ነው። በታኅሣሥ 1969 ሮሊንግ ስቶንስ ካሊፎርኒያ ውስጥ አልታሞንት በነጻ ሲጫወቱ፣ መድረኩ ፊት አንድ የ18 ዓመት ልጅ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ሜሪዲት ሀንተር ይባላል። ካሜራ ይዞታል። ፊልም ሠሪዎቹ የባንዱን ድምፃዊ ሚክ ጃገርን የፊልም መቁረጫ ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠው ያሳዩታል። ይመልሱታል፣ ያቆሙታል፣ ቀስ አድርገው ያስኬዱታል። ጃገር ብዙ አይናገርም። ፊቱን እናያለን። ሲነሳና ሲሄድ እናያለን። ለማንም አልቅሱ አይሉንም፣ ማንም ይቅርታ አይጠይቅም።

አንቪል ስለሚባለው የካናዳ ሜታል ባንድ የተሠራውን የ2008 ዘጋቢ ፊልም ደግሞ እወደዋለሁ። ድምፃዊው ለትምህርት ቤቶች ምግብ በመኪና ያደርሳል። ፕራግ ላይ መንገድ ጠፍቷቸው አርፍደው ይደርሳሉ፣ የቤቱ ባለቤት አልከፍልም ይላቸዋል። ብዙ ነገር አይሆንም። ሁለት ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ተያይዘው እርጅና ደጃፍ ላይ ቆመዋል፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ተመልሰው ይለማመዳሉ።

ይህን ሁሉ ሳስብ አእምሮዬ ውስጥ የሚመላለስ፣ ገና ያልተሠራ አንድ ፊልም አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ የተወለዱት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1946። ፍሬዲ ሜርኩሪ የተወለደበት ዓመት። በደርግ ዘመን ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ይጫወቱ ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበር ሰው ሌሊት ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም፣ ስለዚህ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፣ እሳቸውም ከቀሩት ጋር ቀሩ። በ1985፣ ዌምብሌይ በተጨናነቀበት ዓመት፣ ለብቻቸው አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዘው አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ ለብዙ ዓመት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዱ። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታተመና ዓለም ፈልጎ አገኛቸው፤ ተመልሰው መድረክ ላይ ወጡ።

ፊልም ሠሪ እጅ ቢገባ ምን እንደሚሆን ይታየኛል። ሂልተን ውስጥ ወታደር ሽጉጥ ይደግናል። ኤርፖርት ላይ ፍቅረኛ ታለቅሳለች። ባንዱ በክህደት ይፈርሳል። ታክሲው የውርደት ምልክት ይሆናል፣ ዝናብ ይዘንብበታል፣ ሙዚቃው ያዝናል። ከዚያ ስልክ ይጮሃል።

ባለፈው ሳምንት ለአጎቴ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ሰሙኝ።

«የኛ ከተማ ሰው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታክሲ እየነዳ ነው ሙዚቃ የሚለማመደው?»

«ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቁ። ኪቦርዱን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ያወጡና የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይለማመዱ ነበር።»

«በምን? በባትሪ?»

«በባትሪ።»

አጎቴ ትንሽ አሰቡ። ከሰሉን በቁራጭ እንጨት ቆሰቆሱት።

«ተራው ሲደርስስ? ከኋላ ያለው ታክሲ ክላክስ ሲያደርግበት። ዘፈኑን ይጨርሳል ወይስ መሐል ላይ ያቋርጠዋል?»

«እሱን አላውቅም።»

«እሱን ካሳዩ ቀስቅሱኝ» አሉና ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው መለሱት።